«ረዳቻቸው»

በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዝግጅት አለ። «የእምነት አባቶች» በሚል ርእስ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት አሥር ደቂቃ ይሰጣቸውና የአንድን የወንጌል ሰው የሕይወት ታሪክ ያቀርባሉ፤ ከዚያ መዝሙር ይከተላል፤ ከዚያ ማስታወቂያ። የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ በዚህ መልክ ሳይቀርብላችሁ አልቀረም። ቀርቦላችሁ ከሆነም ወደ መጨረሻው ገደማ ይህን የመሰለ ነገር ሰምታችሁ ይሆናል፦ ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተረጎሙ፤ በሥራቸውም አስቴር ጋኖ የምትባል ሴት ረዳቻቸው።

ስለዚህች የመጨረሻ ቃል ልንነጋገር ነው። «ረዳቻቸው» አምስት ፊደል ብቻ ናት። ነገር ግን ሁለት ሰዎችን ይዛለች፤ ሁለቱንም እኩል ወንበር ላይ አላስቀመጠቻቸውም። የቃሏ ፊተኛ ክፍል ሥራውን የሠራችውን ያለ አንቱታ ያነሣል፤ የኋለኛው ክፍል የተሠራለትን በአንቱታ ያከብራል። በእንግሊዝኛ ቢነገር ይህ ልዩነት አይታይም ነበር። አማርኛ ግን ሰውን የት እንዳስቀመጥነው ሳንጠየቅ ያናግረናል።

ከእናንተ አንዱ «አንቱታ መተው እኮ ንቀት አይደለም» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎችን ስናነሣ «ጳውሎስ ጻፈ»፣ «ጴጥሮስ ካደ»፣ «ሐና ጸለየች» እንላለን፤ ጌታንም በጸሎት «አንተ» ነው የምንለው። ቅር የሚያሰኘኝ መስፈሪያው ሁለት መሆኑ ነው። አንድ ታሪክ ውስጥ፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሥራ ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ወይ ሁለቱም «አንተ» እና «አንቺ» ይሁኑ፣ ወይ ሁለቱም አንቱ። እዚህ ሁለቱንም በአንቱታ እጽፋለሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅን «ተወሰዱ» ማለት ለጆሮ ይከብድ ይሆናል፤ ለኦኔሲሞስ ልጅነት ግን ስንለው ለማንም አልከበደውም።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አስቴር ጋኖ በ1872 ገደማ ተወለዱ። ሲወለዱ ነጻ ነበሩ፤ በኋላ ግን በሊሙ እናርያ ንጉሥ ሥር ለባርነት ተዳረጉ። በ1886 ወደ ዓረብ ምድር ሊሸጡ በባሕር ሲወሰዱ የኢጣሊያ መርከቦች ጀልባውን ያዙትና ነጻ ወጡ። ከዚያ ከምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባለው ቦታ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ወዳቋቋመው ትምህርት ቤት ገቡ። ኦኔሲሞስም በዚያው መንገድ የመጡ ሰው ናቸው። ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አጠገብ ተወልደው፣ በባሪያ ነጋዴዎች ተነጥቀው፣ ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፉ ቆይተው በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጡ። ስማቸው ጳውሎስ ለፊልሞና ጽፎ የማለደለት የዚያ ባሪያ ስም ነው። የአስቴር ስም ደግሞ እናትና አባቷን አጥታ በባዕድ አገር ያደገችው አይሁዳዊት ስም። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የእምኩሉ ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደነበረ ግማሹን ተረዳ ማለት ነው።

አሁን የሥነ ጽሑፉን ጥያቄ እናንሣ። አንድ ተርጓሚ ምን ያስፈልገዋል? ኦኔሲሞስ ስዊድን ሄደው ተምረዋል፤ ቃሉን ያውቃሉ፤ ለወገናቸው ያላቸው ሸክም ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። ነገር ግን አፋን ኦሮሞ ከሚነገርበት አገር የወጡት በልጅነታቸው ነው። ልጅ ሆኖ ከቋንቋው የተለየ ሰው የሚቀርለት የልጅ ቋንቋ ነው። የልጅ ቋንቋ ውኃ ለመለመን ይበቃል፤ ለኢሳይያስ አይበቃም። አስቴር ደግሞ ቋንቋቸው ሙሉ ሆኖ፣ ገና ትኩስ ሳለ እምኩሉ ደረሱ። ባሪያ ፈንጋዮቹ ሁሉን ወስደውባቸዋል፤ ይህን ግን መውሰድ አልቻሉም።

ትምህርት ቤቱ ይህን አስተዋለ። አስቴር የኦሮሞ ቃላት መዝገብ እንዲያዘጋጁ ተመደቡ፤ የሰበሰቡት ቃልም በ1893 የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማረምና ለማቃናት ዋለ። ባርት የተባለው ጀርመናዊ ያዘጋጀውን የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች መጽሐፍም ከኦኔሲሞስ ጋር ተርጉመዋል። ከዚያም ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ይህ ሁሉ ሲሆን የአስቴር ዕድሜ ስንት ነበር? አዲስ ኪዳኑ ሲታተም ሃያ አንድ ገደማ። ይህን መጽሔት ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ በዚያ ዕድሜ ላይ ናችሁ፤ በየኅብረታችሁም «ገና ልጆች ናቸው» የሚባሉት በዚያ ዕድሜ ያሉት ናቸው።

ከሁሉ በላይ ልትቆሙበት የምፈልገው ሥራ ግን በ1894 የወጣው የንባብ መጽሐፍ ነው። «ጀልቀባ በርሲሳ» ይባላል፤ የትምህርት መጀመሪያ እንደ ማለት። አዘጋጆቹ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው፤ የተጻፈውም እኛ በምንጽፍበት በግዕዝ ፊደል ነው። አስቴር ወደ 500 የሚደርሱ የኦሮሞ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን፣ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችን ከትዝታቸው ቀድተው በጽሑፍ አሰፈሩ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በዚህ የጀማሪዎች መጽሐፍ ውስጥ ገቡ።

እስቲ እንገረም። የወንጌል ማተሚያ ቤት ነው፤ ወረቀቱ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ባለችው ወረቀት ላይ ያሳተመው እንቆቅልሽና የእንስሳት ተረት ነው! ዛሬ ከመካከላችሁ አንዱ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ተነሥቶ የአያ ጅቦን ተረት ላቅርብ ቢል «ለመንፈሳዊ ሕይወታችን ምን ይጠቅመናል?» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። (ሽማግሌውን አልወቅስም፤ በእኛ ዘንድ «ዓለማዊ» የሚለው ቃል በጣም ሰፊ ጆንያ ነው፤ ያልገባን ሁሉ ይገባበታል።) እምኩሉዎች ግን ምን እየሠሩ እንደነበር ያውቁ ነበር።

አንደኛው ምክንያት ከንባብ ጋር የተያያዘ ነው። በአገራችን የቀድሞ ትምህርት ልጅ ፊደል ከለየ በኋላ የሚያነበው ዳዊትን ነበር፤ ዳዊቱ ደግሞ በግዕዝ ነው። ድምፁን ያወጣዋል፤ ትርጉሙን አያውቀውም። «ጀልቀባ በርሲሳ» ይህን ገለበጠው። ልጁ በጆሮው የሚያውቀውን ተረት በዓይኑ ያገኘዋል። ጣቱ ገና በመጀመሪያው ቃል ላይ ሳለ ልቡ የመጨረሻውን ያውቃል፤ ስለዚህ ፊደሉን ይደፍረዋል። ማንበብ ማለት ከእናቴ አፍ የሰማሁትን ወረቀት ላይ ማግኘት ማለት ነው ብሎ የጀመረ ሰው፣ ነገ ወንጌል ሲሰጠው ባዕድ ነገር ተሰጠኝ አይልም።

ሁለተኛው ምክንያት ለእናንተ ለጸሐፊዎቹና ለገጣሚዎቹ ይበልጥ ይቀርባል። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ በምን የተሞላ ነው? መሳፍንት ምዕራፍ 9ን ክፈቱ፤ ኢዮአታም በተራራ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች የዛፎችን ተረት ይተርታል፤ ወይራው፣ በለሱና ወይኑ ንግሥናን እምቢ ሲሉ እሾሃሙ ቁጥቋጦ እሺ ይላል። ጥቂት ምዕራፎች ወረድ ብላችሁ ሶምሶን በሠርጉ ላይ እንቆቅልሽ ሲያቀርብ ታገኙታላችሁ። ናታን ዳዊትን የረታው በአንዲት በግ ታሪክ ነው። የምሳሌ መጽሐፍ ሙሉውን ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። እንግዲህ ዛፍን አፋን ኦሮሞ ማናገር ያለበት ተርጓሚ፣ በአፋን ኦሮሞ ዛፍና እንስሳ እንዴት እንደሚናገሩ የሚያውቅ ሰው ከአጠገቡ ያስፈልገዋል። አንድ እንቆቅልሽ መልሱን ሳያወጣ እንዴት እንደሚቋጠር፣ አንድ ምሳሌ ሁለቱ ክንፎቹ እንዴት እንደሚመዛዘኑ በመዝገበ ቃላት አይገኝም፤ በጆሮ ነው የሚገኘው። አስቴር እነዚህን ክፍሎች በገዛ እጃቸው አረሙ ማለቴ አይደለም። በዚያ ቤት ውስጥ ያ ጆሮ የማን ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ግልጽ ነው ማለቴ ነው።

ያ ጆሮስ ከየት መጣ? ማታ እሳት ዳር «ሂቦ!» ተብሎ ሲጀመር ልጆቹ «ሂባካ!» ብለው ከሚመልሱበት ቤት። እኛ «እንቆቅልህ» ስንባል «ምን አውቅልህ» እንደምንለው ማለት ነው። እንዲህ ባለው ቤት ልጅን ተረትና እንቆቅልሽ የሚያስተምሩት በአብዛኛው እናቶችና አያቶች ናቸው። ይህን አስቡት። የክርስቶስን ስም ሳይሰሙ ያለፉ እናቶች፣ ወንጌል አንድ ቀን የሚናገርበትን ቋንቋ ለአንዲት ልጅ አስረክበው ነበር። ማንም ስማቸውን አልመዘገበም። የእግዚአብሔር አሠራር ለእኔ እጅግ ግሩም ሆኖ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ የአሥር ደቂቃ ዝግጅት ግን ይህ ፈጽሞ አይነሣም።

የማይነሣበት ምክንያት ደግሞ ያች ግሥ ናት። «ረዳ» የሚለው ግሥ ምን እንደተሠራ አይናገርም። ውኃ ያቀበለም ረዳ፤ መብራት የያዘም ረዳ፤ የቋንቋውን ቃላት የሰበሰበም ረዳ። ደካማ ጸሐፊ ማጣራት ሲታክተው የሚጠለልበት ግሥ ነው። እስቲ የአስቴርን ሥራ በየስሙ ጥሩት፦ ሰበሰቡ፣ ጻፉ፣ አረሙ፣ ተረጎሙ፣ አስተማሩ። አምስት ግሥ ሆነ። አምስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ረዳች» ማለት የወንዱን ታሪክ አያሳምረውም፤ የሁለቱንም ያደበዝዘዋል።

የጳውሎስን አጻጻፍ አስተያዩ። ሮሜ ምዕራፍ 16 ብዙዎቻችን «የስም ዝርዝር ነው» ብለን የምንዘለው ምዕራፍ ነው። ቀስ ብላችሁ ግሦቹን ብቻ አንብቡ። ጳውሎስ ማርያም የምትባለውን አማኝና ሌሎች ሦስት ሴቶችን ሲያነሣ «ደከመች»፣ «ደከሙ» የሚለውን ግሥ ይጠቀማል። ይኸው ግሥ ጳውሎስ ራሱ ስለ ገዛ ሐዋርያዊ ድካሙ ሲናገር በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 የተጠቀመበት ነው። ለእነርሱ ሌላ፣ አነስ ያለ ግሥ አልፈለገላቸውም። ጵርስቅላንና አቂላን አብረውኝ የሚሠሩ ይላቸዋል፤ ሚስቲቱን ከባልዋ ለይቶ ረዳት አላደረጋትም፤ እንዲያውም ስሟን አስቀድሞታል። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ደግሞ መልእክቱን በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ «እኔ» ብሎ በገዛ አንደበቱ ሰላምታ ያቀርባል። ጸሐፊ ማለት ረዳት ነው፤ ያውም ወንበርተኛ። ጳውሎስ ግን ብዕሩን የያዘው ሰው ስሙን እንዲያስገባ ፈቀደለት። ጥሩ ጸሐፊ የሥራ ባልደረቦቹን እንዴት እንደሚያነሣ ለማወቅ ከዚህ ምዕራፍ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

«ረዳት መባል ክብር ነው፤ እግዚአብሔርም ረዳታችን ተብሏል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ በእህቶች ኅብረት ስብሰባም ብዙ ጊዜ ሲሰበክ ሰምቼዋለሁ። የመዝሙረ ዳዊቱ ረዳት ትልቅ ቃል ነው፤ አልከራከርም። ሔዋን ስትፈጠር የተነገረላትም ያው ቃል ነው። ችግሩ በዛሬው አማርኛችን ረዳት ማለት ከሾፌሩ ኋላ በር ይዞ የሚጣራው ሰው መሆኑ ነው። ሰሚው የሚሰማው ይህን አማርኛ እንጂ ዕብራይስጡን አይደለም። ደግሞም እግዚአብሔር ረዳን ስንል ያደረገውን ሥራ በዝርዝር እንመሰክራለን፤ ባሕር ከፈለ፣ መና አወረደ፣ ከእሳት አወጣ እንላለን። ለአስቴርም ይኸው ይደረግላቸው፤ ረዱ ከተባለ በምን?

ለኦኔሲሞስ ፍትሕ መጉደል የለበትም። ትርጉሙን ዳር ያደረሱት እሳቸው ናቸው፤ ወደ ወለጋ ለመግባት ደጋግመው ሞክረው መንገድ ተዘግቶባቸዋል፤ ከገቡም በኋላ ተከስሰዋል፣ ተከልክለዋል። ዓይራ ያለው ሴሚናሪ በስማቸው መጠራቱ ይገባቸዋል። አስቴርን «ዋናዋ ተርጓሚ እርሳቸው ናቸው» ብሎ ኦኔሲሞስን ማሳነስ ያንኑ ስሕተት ገልብጦ መሥራት ነው። «ጀልቀባ በርሲሳ» ላይ የሁለቱም ስም አለ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ይህ የሆነው እንዲሁ በአጋጣሚ አይመስለኝም። እኛ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ ከእነርሱ ያነስነው ለምንድን ነው?

አንድ ግምት አለኝ። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ስለ ሴቶች አገልግሎት የሚነሣው ክርክር ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይጠጋል፤ መጋቢ መሆን ትችላለች ወይስ አትችልም? አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ይሾማል፤ አንዳንዱ አይሾምም፤ ሁለቱም ጥቅስ ያወጣሉ። ያን ክርክር እዚህ አልገባበትም። የሚያሳዝነኝ ክርክሩ ቦታውን ሁሉ መያዙ ነው። ከመድረኩ ውጭ ያለው ሥራ ከማንም ጋር ስለማያከራክር ማንም አይመረምረውም፤ ስላልተመረመረም የራሱ ግሥ የለውም። በየአጥቢያችሁ የሰንበት ትምህርት መጻሕፍቱን ያዘጋጀችው፣ የመዝሙሩን ግጥም ያረመችው፣ ለአዲስ አማኞች ትምህርቱን ከምዕራፍ ምዕራፍ የቀረጸችው ማን ናት? በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ስንት ጊዜ «እህቶችም በተለያየ መልኩ ተባብረዋል» ተብሎ ታለፈ? «በተለያየ መልኩ» ማለት ያልጠየቅንበት መልክ ማለት ነው።

አስቴር የተሰጣቸው መድረክ አልነበረም። በ1904 ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ ነቀምት ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እሳቸውም አስተማሩ። ይህ በአንድ መስመር የሚያልቅ ይመስላል፤ ግን አስቡት፤ በባርነት ከተወሰዱባት አገር ወገን ጋር ተመልሰው፣ ከዚያች አገር ይዘውት የወጡትን ተረት በታተመ መጽሐፍ ለልጆቿ አስነበቡ። ብዙ የሰበሰቡት ነገር ግን ሳይታተም ቀረ።

ኦኔሲሞስ በ1931 አረፉ። አስቴር እስከ 1964 በሕይወት ነበሩ። በመካከሉ 33 ዓመት አለ። በዚያ ሁሉ ዘመን ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀምጦ «ይህን ቃል ለምን መረጣችሁ? ያኛውን ለምን ተዋችሁት?» ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። እሳቸው ሲያርፉ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባን አልፏል። ወለጋ ውስጥ አያት ያላችሁ፣ ወይም ከኅብረታችሁ አባላት አያት ያለው ካለ፣ ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ከእሳቸው ፊደል የቆጠረ፣ ተረት የሰማ፣ ወይም እናቱ እንዲህ አለችኝ የሚል ሰው አለ? የሚነግሯችሁንም ስትጽፉ ግሡን ከእነርሱ አፍ እንዳለ ውሰዱት።